ልቤ ጥፍት ይላል

ባለፈው ወር ጅዳ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ የገዛ ልቤን በስክሪን አየሁት። ግፊቴ ከፍ ዝቅ ማለት አብዝቶ ነበርና ትልቋ ልጄ «እማ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ዛሬ ካልሄድሽ አዝዬሽ ነው የምሄደው» ብላ ያዘችኝ። ይህን ገላ ማን ችሎ ያዝላል! ብቻ በእግሬ ሄድኩ።

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። በግራ ጎኔ አስተኝታኝ፣ ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀባችና የእጅ ባትሪ የምታክል መሣሪያ ይዛ በጎድን አጥንቴ መሀል ትፈልግ ጀመር። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ነገር ተርገበገበ። ትናንሽ በሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደግሞ ይከፈታሉ። «በሩ ላይ የቆመ ነገር የለም?» አልኳት በአረብኛ። «ምን ይቆማል ያ ኻላ? ንጹህ ነው» ብላ ሳቀች። ኻላ አክስቴ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ጸጉርሽ ትንሽ ሸበት ካለ ሁሉም አክስቱ ያደርግሻል።

እኔ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ ደንግጣ መሐረብ አቀበለችኝ፤ የፈራሁ መሰላት። አልፈራሁም። ዘሃራ ትዝ ብላኝ ነው። እንዲህ ያለ ስክሪን መጀመሪያ ያየሁት በሃያ ዓመቴ፣ ከዘሃራ አልጋ አጠገብ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ በሩ ላይ የቆመ ነገር ነበር።

መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር፣ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር የምንሠራው። ሰፈሩ ያኔም እንደዛሬው የተጨናነቀ ነው። ጠባብ መንገድ፣ ከየመስኮቱ ጠብ ጠብ የሚል የኤሲ ውኃ፣ ጠዋት ጠዋት ተሚስ ከሚጋገርበት ምድጃ የሚመጣ ሽታ። ተሚስ የማታውቁ ካላችሁ፣ እንደ ጋሻ የሰፋ ቂጣ ነው፤ ትኩሱን ከፉል ጋር የበላ ሰው እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት፣ ሌላ ነገር አያምረውም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ኩሽናውና የአሠሪያችን የማዳም ሦስት ልጆች የኔ ነበሩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጆቹ አፍ እየለቀምኩ፣ ከቴሌቪዥን እየቀዳሁ አረብኛውን አቀላጠፍኩት። አቤት ኩራቴ! አርብ አርብ ማዳም ስትፈቅድልን ሚስፈላ ሰፈር ወርደን ያገራችንን ሴቶች እናገኝ ነበር። አንዷ ለፋርማሲ፣ አንዷ ለከፊሏ፣ ላስመጣት አሠሪዋ ማለት ነው፣ አንዷ ለኢቃማዋ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ ጉዳይ «ሉባባ፣ እስቲ ንገሪልኝ» ትለኛለች። ስሜንም ትተው ቱርጁማኗ ይሉኝ ጀመር። አስተርጓሚዋ ማለታቸው ነው። እኔም ተኮፈስኩ። የማላውቀው ቃል ሲመጣ አላውቀውም ማለት ሞት መሰለኝ፤ ከወዲያ ከወዲህ ገጣጥሜ እወረውራለሁ እንጂ።

ዘሃራ ከኔ ዓመት ዘግይታ መጣች። የወረባቦ ልጅ ናት፤ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቀጠን፣ ረዘም ያለች፣ ስትናገር ድምጿ የማይወጣ። ሥራዋ የማዳምን አማት መጦር ነበር። እኚህን አሮጊት ሁላችንም «ስቲ» እንላቸዋለን፤ የመካ ሰው አያቱን እንዲያ ነው የሚጠራው። ዘሃራ አረብኛ አትችልም፣ ስቲም አማርኛ አይችሉም፤ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። በእጅ፣ በዓይን፣ በሳቅ። ዘሃራ ጸጉራቸውን ሂና ትቀባለች፣ እሳቸው ቁርአን ሲቀሩ ታዳምጣለች። እኔ የሚታጠብ ልብስ ልወስድ ስገባ ሁለቱም ዝም ይላሉ። «ምን ታሙኛላችሁ?» ስላት «አንቺ አረብኛ ብቻ ነው የምትችዪ፣ ይሄ አይገባሽም» ትለኛለች። ተረበኛ ነበረች፤ ተረቧን ግን በለሆሳስ ነው የምትጥለው።

ረመዳን አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ ዘሃራ መክሳት ጀመረች። ደረጃ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ግድግዳ ትደገፋለች። ወደ መግሪብ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ገላዋ ትኩስ ይላል። ምግብ አልበላ አላት። ጾሙ ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ እያልን ቆየን።

አንድ ቀን ዙህር ጎን ለጎን ቆመን ስንሰግድ፣ ግንባሯን መሬት ከደፋችበት ከሱጁድ ብድግ ስትል በላዬ ላይ ተዘረረች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሶላቴን ትቼ አንገቷን አቀፍኩ፣ ስሟን ጠራሁ፣ ያ ረቢ አልኩ። በጀርባዋ አስተኛኋት። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ተመለሰ፣ ዓይኗን ገለጠች።

«ሶላትሽን አፈረስሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ ያፈረስሽብኝ!»

«በይ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለችኝ፣ እዚያው እንደተጋደመች።

ከዚያ ወዲህ ተደጋገመ። ሚስፈላ ያሉት ሴቶች አንዷ ዓይን ነው አለች፣ አንዷ ጅን ነው አለች። ጥቁር አዝሙድ በማር ሰጧት፣ ቁርአን የተቀራበት ውኃ አጠጧት። ሁሉንም «ቢስሚላህ» ብላ ጠጣች። የከሳ ሰው መቼም መድኃኒት አያጣም፤ ያየው ሁሉ ሐኪም ነው።

ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ዘሃራ ኮሪደሩ ላይ ስትወድቅ ራሷ ስታያት በዚያው ቀን አባያዋን ለብሳ ክሊኒክ ወሰደችን። እኔ ቱርጁማኗ መቼም አልቀርም። የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሽቶ የሸተተ ወጣት ሐኪም ተቀምጧል።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።

ዘሃራ ወደኔ ዞረች። «ከሱጁድ ብድግ ስል ልቤ ጥፍት ይላል፣ በይልኝ» አለች።

ይህን የሚያነብ ያገሬ ሰው ሁሉ ገብቶታል። በኛ አፍ ልቡ ጠፋ ማለት ሰውየው ራሱን ሳተ ማለት ነው። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ ጉደኛዋ ግን ልብን «ቀልብ»፣ ጠፋን «ዳዕ» አድርጌ ቃል በቃል ገጥሜ ሰጠሁት። «ቀልበሃ ዳዕ» አልኩት። ደግሞም እርግጠኛ ነበርኩ! ቀልብ የሚለውን ቃል እኛም ከአረቦቹ ወስደን የለ? «ቀልቡን ሳተ» እንል የለ? ቃሉ እኛ ጋ መጥቶ ሐሳብና አእምሮ ሲሆን፣ እነሱ ዘንድ እዚያው ደረት ውስጥ መቅረቱን ማን ነግሮኝ! በነሱ አፍ ልቧ የጠፋባት ልጃገረድ የምትታመመው አንድ በሽታ ብቻ ነው።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ፈገግ አለ። «ማን ወሰደው?» አለ።

ማዳም ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ ጠፋ። ሐኪሙ ጥያቄውን ቀጠለ። ትበላለች? አትበላም። ትተኛለች? አትተኛም። ከስታለች? በጣም። የምተረጉመው ሁሉ ለፍቅር በልኩ የተሰፋ ልብስ ሆነ። እንደተቀመጠች ላንድ አፍታ አዳመጣትና ቪታሚን ጻፈላት። ለማዳም «የዚች መድኃኒት ያለው አገሯ ነው» አላት። አንድ ነገር መበላሸቱ ያኔውኑ ተሰምቶኛል። ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር። «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ፣ እንዲህ ማለቴ አልነበረም» ማለት ይቻል ነበር፤ አምስት ቃል ነው። አላልኩም። ቱርጁማኗ ተሳሳተች እንዴት ይባላል?

ቤት ስንገባ ማዳም ዘሃራን አስቆማ «ጠይቂያት፣ ማነው?» አለችኝ።

ወደ ዘሃራ ዞሬ «ማዳም አሁን ምን ይሰማሻል ትላለች» አልኳት።

«ያው ነው፣ ስነሳ ልቤ ጥፍት ይላል» አለች።

ወደ ማዳም ዞሬ «ማንም የለም ትላለች» አልኩ።

ማዳም ፊቷን አዞረች። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከገባ አበቃ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ጠፍታ ብትሄድ ከፊሉ ነው የሚጠየቀው። ባሏ ሄዶ የዘሃራ ኢቃማ ላይ የመጨረሻ መውጫ፣ የማይመለሱበትን ቪዛ፣ አስመታ። ትኬቷ ለሐሙስ ተቆረጠ። ዘሃራ ለምን እንደምትሄድ ስትጠይቀኝ «ታመሻል፣ አገርሽ ገብተሽ ታከሚ ብለው ነው» አልኳት።

«እኛ ቀበሌ ሐኪም ካለበት የቀን መንገድ ነው» አለች። ቀጥላም «እኔ እንደሆን ደረጃም አልወጣ፤ በእግር እንዴት እደርሳለሁ ሉቤ?» አለችኝ።

ማክሰኞ የስቲን እግር የማሸት ሥራ ወደኔ ዞረ፤ ዘሃራ እዚያው ክፍል ምንጣፉ ላይ ተጋድማለች። ስቲ ጧት የሆነውን ነገሩኝ። ዘሃራ ለሶላት ልታስታጥባቸው፣ ውዱእ ልታስደርጋቸው፣ ማንቆርቆሪያ ይዛ ጎንበስ ብላ ስትነሳ ወድቃለች፤ ማንቆርቆሪያውም ተሰብሯል።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አሉኝ። «ሰው ሲወድቅ ይጎዳል። ይቺ ግን ስትወድቅ ትድናለች፣ ስትነሳ ትታመማለች። እኔ በዘመኔ አፍቅሬያለሁ፤ ፍቅር እንዲህ አያደርግም።»

ወላሂ፣ እግራቸውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። በአረብኛ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልብ ጠፋ በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ሐኪሙ ለምን እንደሳቀ። ዘሃራ ምንጣፉ ላይ ሆና ታየናለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «አገሬ ናፈቀኝ» አልኳት።

ስቲ ብዙ አልተቆጡም። «ምላስሽ ረጅም ነው ሲሉሽ እሰማ ነበር። በሚያስፈልግበት ቀን አሳጠርሽው» አሉ። ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ወርጄ ለማዳምም ነገርኳት። አላመነችኝም። «ጓደኛሽ ናት፣ ልትሸፍኚላት ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ አንዴ የዋሸ አፍ እውነት ሲናገርም ማን ይሰማዋል። ትኬቱ እንዳለ ቀረ።

ስቲ ግን እሮብ ጅዳ የልብ ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። በየሦስት ወሩ ይሄዳሉ። «ያለ ዘሃራ አልሄድም፣ ማን ይደግፈኛል? ሉባባም ትምጣ» ብለው ልጃቸውን አዘዙት። ልጃቸው፣ የማዳም ባል፣ የዘሃራ ከፊል ነው፣ ዝምተኛ ሰው፤ እናቱ ያሉትን አይመልስም። ስቲ ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ፣ ዘሃራ ጭኔን ተንተርሳ። ያ የመካና የጅዳ መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ወዲህም ወዲያም የተቃጠለ ድንጋያማ ኮረብታ፣ አልፎ አልፎ ግመል፣ ከአስፋልቱ ላይ የሚነሳ ትኩሳት። ኬላ ላይ ፖሊሱ ኢቃማችንን ጠየቀ። የዘሃራን ገልጦ መውጫውን አየና «በሰላም ግቢ» አላት። ደግ ሰው ነበር፤ ምርቃት መስሎት ነው።

ዘሃራ ከጭኔ ቀና ሳትል «ስተኛ እንዴት ደስ ይለኛል። ተኝቼ ብኖር አልታመምም ነበር» አለችኝ።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ረዥም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ዓይነት ሰው። ስቲ ገና ሲገቡ «ዛሬ የኔን ልብ ተወው» አሏቸው። «ሰማንያ ዓመት ሠርቷል፣ አንድ ቀን ሳይታይ ቢውል አይሞትም። የዚችን ልጅ እይልኝ።»

ሐኪሙ ወደኔ አዩ።

«ዶክተር» አልኳቸው፣ «እሷ ያለችውን አልተረጉምም። ባለፈው ተርጉሜ አጥፍቻለሁ። ያየሁትን ልንገርዎት።»

«ይሻላል» አሉ። «ቃዲ ፊት እንደቆምሽ ሆነሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ከሱጁድ ስትነሳ ፊቷ አመድ እንደሚመስል፣ ጉልበቷ እንደሚከዳት፣ ተኝታ ወዲያው እንደምትመለስ። ሐኪሙ መጻፋቸውን አቆሙ።

«ስትተኛ ይሻላታል? እርግጠኛ ነሽ? ትንፋሽ አያጥራትም?»

ዘሃራን ጠየቅኳት። «ስተኛ ነው የምተነፍሰው፣ በያቸው» አለች። ይህንን አልደመርኩም አልቀነስኩም፣ እንዳለ ሰጠኋቸው።

«ልቡ የታመመ ሰው ብዙውን ጊዜ ሲተኛ ነው የሚጨንቀው» አሉ ሐኪሙ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ሱጁድ አድርጋ ትነሳልኝ። ነርሷ ከጎኗ ትቁም።»

ተረጎምኩ። ዘሃራ አልተንቀሳቀሰችም። «ያለ ውዱእ?» አለችኝ። «ደሞስ ቂብላው በየት በኩል ነው?»

«አንቺ፣ ለምርመራ እኮ ነው!»

«ለምርመራም ቢሆን ግንባሬን ለማን ነው የምደፋው? ለዶክተሩ?»

ይህንንም ተረጎምኩላቸው። ሐኪሙ አልሳቁም። ተነሥተው በራሳቸው እጅ ጠረጴዛውን ገፉ፣ ቂብላውን፣ የካዕባን አቅጣጫ፣ በጣታቸው አሳዩዋት፣ ነርሷም ወደ ቧንቧው ይዛት ሄደች። ዘሃራ ውዱእ አድርጋ መጥታ፣ ሁለት ረከዓ ሶላት ቆመች። የመጀመሪያውን ሱጁድ ጨረሰች። ከሁለተኛው ሱጁድ ብድግ ስትል ተንገዳገደች፤ ነርሷ በወገቧ ያዘቻት። በግራ ጎኗ አስተኟትና ሐኪሙ ማዳመጫቸውን ደረቷ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

የሰው ልብ ሁለት ድምፅ ነው ያለው፤ ዱብ ዱብ። የዘሃራ ግን ሦስተኛ ነበረው። ዱብ ዱብ፣ ጠብ። ተምር ውኃ ውስጥ ሲወድቅ እንደሚሰማው ያለ። ያን ድምፅ መቼም አልረሳውም። ጓደኛዬ ውስጥ የሆነ ነገር እየወደቀ ነበር፣ እኔ ደግሞ በሱ ላይ ሰው አስቄ ነበር።

ወዲያው ወደ ስክሪኑ ክፍል ወሰዷት። ጄሉን ቀቡ። እኔም አየሁ። ከላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ በቀጭን ግንድ የተንጠለጠለ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ነገር። ልቧ በመታ ቁጥር ወደ በሩ ይወረወራል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሐኪሙ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ስትነሳ ቁልቁል ይወርድና በሩ ላይ ይወተፋል፣ ደም ማለፊያ ያጣል፤ ስትተኛ ከበሩ ዘወር ይላል።

«ወረም ነው» አሉ። ዕጢ ማለት ነው። «ነገውኑ መውጣት አለበት። ከግንዱ ቢበጠስ ወይም በሩ ላይ ቢቀር አንድ ደቂቃ አይሰጣትም።»

«ነገ አውሮፕላን ላይ ናት» አልኳቸው።

ሐኪሙ ወደ ከፊሏ ዞሩ። ከፊሏ ትኬቱን ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው። ያ ዝምተኛ ሰው ሳይናገር የተናገረው ነገር እሱ ነው። ወረቀቱን ሁሉ ፈረመ።

ዘሃራ እጄን ይዛለች። «ምን አሉ? አጥርተሽ ንገሪኝ።»

«ልብሽ ውስጥ ዕጢ አለ አሉ። ነገ ያወጡታል።»

«ያ ክፉው በሽታ ነው?»

ጠየቅኳቸው። «እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሐሚድ ነው፤ ወጥቶ ሲታይ ይረጋገጣል» አሉኝ። እኔ ሐሚድ የማውቀው ጠዋት ጠዋት ተሚስ የሚጋግረውን ሰው ነው። ድሮ ቢሆን የሆነ ነገር ገጣጥሜ እወረውር ነበር። ያን ቀን ግን «ዶክተር፣ ይህን ቃል አላውቀውም» አልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። «ክፉ ያልሆነ፣ ሌላ ቦታ የማይዛመት ማለት ነው» አሉኝ። ለዘሃራ ነገርኳት።

«ሐሚድ? ስምም አወጡለት እንዴ?» አለች፣ በዚያች በማትወጣ ድምጿ።

ይህን ለስቲ ስተረጉምላቸው ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ እንባቸውም አብሮ ወረደ። «በይ ለልጄ ሚስት ንገሪልኝ። የዘሃራን ልብ የሰረቀው ሰው ተገኝቷል፣ ስሙም ሐሚድ ይባላል።»

ሐሙስ ዕለት አውሮፕላኑ በሚነሣበት ሰዓት ዘሃራ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ፤ በአማርኛም በአረብኛም ለመንኩ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ አላወቅኩምና። አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ። ኋላም ሲመረመር፣ እንደተባለው ሐሚድ ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን ማዳም መጣች። በገዛ እጇ የሠራችውን ሰሊግ ይዛለች፤ በወተት የበሰለ ሩዝ ነው፣ ለታመመ ሰው ይስማማል። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ዘሃራን በማንኪያ አጎረሰቻት። ከዚያ ወደኔ ሳታይ «ይቅር በይኝ ትላለች በያት» አለችኝ።

ተረጎምኩ። ዘሃራ «ለምኑ?» አለች።

ያን ጊዜም አልቻልኩም። እውነቱን ብነግራት የኔ ስም ይነሣላ! «ሳልጠይቅሽ ቆየሁ ብላ ነው» አልኳት።

ዘሃራ ማዳምን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው፣ ረዘም አድርጋ። «ይቅር ብያለሁ በያት» አለች። «ሁሉንም።»

በዓመቱ ስቲን ደግፋ ሐጅ አደረገች። ከሁለት ዓመት በኋላ በጤናዋ አገሯ ገባች። ዛሬ ኮምቦልቻ ናት፣ አግብታ አራት ወልዳለች፣ ልብስ ትነግዳለች። እኔ እዚሁ ቀረሁ። ባሌ ጅዳ ፔትሮሚን ሰፈር ጋራዥ አለው፣ ልጆቼ እርስ በርስ በአረብኛ ይጣላሉ፣ እኔ ባማርኛ እገላግላለሁ። ስቲና ያ ሐኪም አላህ ይዘንላቸው። ከዘሃራ ጋር በየዒዱ እንደዋወላለን፤ ያን ነገር ግን አንድም ቀን አንሥቼባት አላውቅም።

ባለፈው ወር ልቤን በስክሪን ያየሁ ቀን ከክሊኒኩ ወጥቼ፣ መኪና ውስጥ እንደተቀመጥኩ ደወልኩላት። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ዘረገፍኩት። ያኔ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ስንሄድ ልብሽ ጠፋ ብዬ እንደተረጎምኩ፣ ባንቺ ላይ ፍቅረኛ ያመጣሁብሽ እኔ እንደሆንኩ፣ ትኬቱም በኔ ምክንያት እንደተቆረጠ። ይህን ሁሉ ዓመት ደብቄሻለሁ አልኳት።

ዘሃራ ሳቀች። እስኪበቃት ከሳቀች በኋላ «አንቺ፣ ምን እንዳልሽማ አላውቅም ነበር፤ እኔ ያልኩትን እንዳላልሽ ግን ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለችኝ። «ሐኪሙ ሲስቅ፣ ማዳም ስትጠቁር፣ አንቺ ስትቀዪ አላይም? አረብኛ ባልችል ፊት ማየት ያቅተኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ልትሞቺ እኮ ነበር!»

«ተሳስተሻል ብልሽ ታፍሪያለሽ። ካፈርሽ ደግሞ ሌላ ጊዜ አትናገሪልኝም። እዚያ አገር ላይ ካንቺ ሌላ ምን አፍ ነበረኝ ሉቤ?»

ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሲጠይቀኝ፣ ጓደኛዬን ተናግሬ አዳንኳት እያልኩ ስመጻደቅ ኖሬአለሁ። ለካ እሷ ስትነሳ እየወደቀች፣ ሞት ደረቷ ውስጥ እየተንጠለጠለ፣ እኔ እንዳላፍር ብላ ዝም ብላልኝ ነበር።